ከሆይ አን ወደ ሚ ላይ የአንድ ቀን ጉብኝት፦ ሙዚየሙን እዩ፣ አስጎብኚው ግን ይቅርባችሁ

ቬትናም ሆይ አን ካረፋችሁ ሆቴሉ ሁሉ የሚሸጥላችሁ የባህር ዳርና የፋኖስ ጉብኝት ነው። ሚ ላይን፣ በቬትናም ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን የጨፈጨፉበትን ቦታ፣ ራሳችሁ ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የለም። እኛ የሄድነው በእህቴ ልጅ ግፊት ነው። አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ጎን ለጎን የመኮንንነት ስልጠና ይወስዳል፣ ሲመረቅ ምክትል መቶ አለቃ ይሆናል፣ ስለዚህ ክፍል ውስጥ የሰማውን ቦታ በዓይኑ ካላየ እንደማይመለስ ነግሮን ነበር።

መንገዱ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሾፌሩ ጨዋ፣ መኪናው ንጹህ። የመግቢያው ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሙዚየሙ ከኳንግ ንጋይ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሚ ላይ ያለችበት ሰን ሚ መንደር ውስጥ ነው። የአሜሪካ ወታደሮች ማርች 16 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. የፈጁት መንደር ራሱ ነው። የ504 ሟቾች ስም ከነዕድሜያቸው ተጽፏል፤ 182ቱ ሴቶች፣ 173ቱ ሕፃናት ናቸው። ውጭ የተቃጠሉት ቤቶች መሠረት አለ፣ ሰዎቹ የተረሸኑበት ቦይም አለ። የሲሚንቶው መተላለፊያ ላይ የቦት ጫማ፣ የባዶ እግርና የብስክሌት ጎማ ዱካ ታትሟል። ፎቶዎቹ የጦሩ የራሱ ፎቶ አንሺ ያነሳቸው ናቸው፣ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ እንዳትገቡ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አስጎብኚያችን የግፉን ዝርዝር በቃሉ ያውቀዋል። ጭፍጨፋውን ለማስቆም የተነሳው የአሜሪካዊው አብራሪ የሂው ቶምፕሰን ፎቶ ጋ ስንደርስ ግን "ጥሩ ሰው ነበር" ብሎ አለፈ። በቃ! የእህቴ ልጅ እኮ ውቅያኖስ ያቋረጠው ለዚህ ሰውዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ቀን እዚያ መንደር ውስጥ ሁለት የ24 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። አንዱ የጋንታ መሪው ምክትል መቶ አለቃ ዊሊያም ካሊ፣ ሌላው ሄሊኮፕተር አብራሪው ቶምፕሰን፣ ያውም ዋራንት ኦፊሰር ስለነበር በማዕረግ ከካሊ የሚያንስ። ቶምፕሰን ዘሎ ጀግና ለመሆን አልሞከረም። መጀመሪያ የቆሰሉ ሰዎች አየና እርዳታ እንዲደርስላቸው በጭስ ምልክት አደረገባቸው። ተመልሶ ሲያይ ተገድለዋል። ከዚያ ቦዩ አጠገብ አርፎ ካሊን ፊት ለፊት ጠየቀው፣ ካሊም አያገባህም በሚል መንፈስ መለሰው። ያም አልሠራ ሲል፣ ወደ ምሽግ በሚሸሹት ሰዎችና በሚከተሏቸው ወታደሮች መሃል ሄሊኮፕተሩን አሳረፈና አብረውት ለነበሩት ለኮልበርንና ለአንድሪዮታ፣ ወታደሮቹ ሕዝቡ ላይ ከተኮሱ በገዛ ወገኖቻቸው ላይ እንዲተኩሱ ትእዛዝ ሰጠ። ሌሎች ሄሊኮፕተሮች በሬዲዮ ጠርቶ ሰዎቹን አስወጣ። አንድሪዮታ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ከሬሳ መሃል በሕይወት ያለ ልጅ አወጣ። ቶምፕሰን ወደ ጦር ሰፈሩ ሲመለስም ዝም አላለም፣ ለአለቆቹ ሪፖርት አደረገ፣ ተኩስ ይቁም የሚል ትእዛዝም ወረደ።

"ጥሩ ሰው ነበር" ማለት ይሄን ሁሉ መዋጥ ነው። ደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ጀማሪ መኮንን ምን ይጠቅመዋል? እኔን የገረመኝ ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መሄዱና ሥሩ ያሉት ልጆች ምን ማድረግ እንዳለባቸው እንዳይወዛገቡ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ መስጠቱ ነው። ካሊ በኋላ ሲከሰስ ሻምበሌ አዞኝ ነው አለ፣ ሻምበሉ ካደ። ግን ከካሊ ሥር ሆነው አንተኩስም ያሉ ተራ ወታደሮች ስለነበሩ "ታዝዤ ነው" የሚለው ብዙ አያስኬድም። ካሊ በ1971 እ.ኤ.አ. ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ የታሰረው ግን ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ፣ እሱም አብዛኛው የቁም እስር። ከሁሉም የተፈረደበት እሱ ብቻ ነው። ቶምፕሰን ደግሞ ለዓመታት የዛቻና የስድብ ደብዳቤ ሲጎርፍለት ኖሮ ሜዳሊያው በ1998 መጣ፣ ከ30 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሙዚየሙም ቢሆን የሦስቱን ፎቶ ሰቅሎ ውሳኔያቸውን ብዙም አያብራራም። በሱ አልፈርድም፣ ቤቱ የሟቾቹ ነው። አስጎብኚው ግን ለዚህ ነው የተከፈለው። ቦዩ ጋ ሲያጣድፈን ቆይቶ፣ ለምሳ ኮሚሽን ሳያገኝበት አይቀርም ብዬ የምጠረጥረው ምግብ ቤት ወስዶ ገተረን።

ለሙዚየሙ ከአምስት አምስት፣ ለጉብኝት ድርጅቱ ሁለት፣ እሱም ለሾፌሩ ስል። እናንተ መኪና ብቻ ተከራዩ፣ ስለ ቶምፕሰን ቀድማችሁ አንብቡ፣ ፀሐዩ ሳይከር በጠዋት ግቡ። ግቢው ውስጥ ጥላ ብዙ የለም፣ ውሃ ያዙ።