ሮዜታ ኮድ፦ ለአዲስ ጸሐፊ ምን ያህል ይመቻል?

ሮዜታ ኮድ በተባለው የፕሮግራመሮች ዊኪ (አንባቢዎቹ ራሳቸው የሚጽፉትና የሚያርሙት ድረ ገጽ) ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚል ርዕስ ያለው ገጽ አለ። ድረ ገጹን የከፈትኩት ሌላ ነገር ፍለጋ ቢሆንም፣ ይህን ርዕስ ካየሁ በኋላ የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ እዚያው ቀረሁ። ስሌቱ እንዲህ ነው። 17ን በ34 ማባዛት የፈለገ ሰው 17ን በግራ፣ 34ን በቀኝ ይጽፋል፤ ከዚያም የግራውን እያጋመሰና ትርፉን እየጣለ እስከ 1 ይወርዳል፣ የቀኙን ደግሞ በየረድፉ እጥፍ ያደርገዋል። በግራ 17፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ይሰለፋሉ፤ በቀኝ 34፣ 68፣ 136፣ 272 እና 544። በግራ በኩል ተጋማሽ ቁጥር ያለባቸው ረድፎች ይሰረዛሉ። የተረፉት 34 እና 544 ሲደመሩ 578 ይመጣል። ይኸው ዘዴ የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት ተብሎም ይታወቃል፤ እኔ ግን በትምህርት ቤት የማባዣ ሰንጠረዡን በቃሌ ከመያዝ በቀር እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ገጹ ከአንባቢው የሚጠይቀው ሦስት ትንንሽ ፈንክሽኖችን፣ ማለትም አንድ አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ቁራጮችን፣ እንዲጽፍ ነው፦ አንዱ ቁጥርን የሚያጋምስ፣ አንዱ እጥፍ የሚያደርግ፣ አንዱ ቁጥሩ ተጋማሽ መሆን አለመሆኑን የሚናገር። ከዚያም በሦስቱ ተጠቅሞ ማባዛቱን የሚሠራ አራተኛ ፈንክሽን ይጻፋል። ከጥያቄው በታች ይኸው መልመጃ በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ተሠርቶ፣ በቋንቋዎቹ ስም የፊደል ተራ ተደርድሮ ይገኛል። የዊኪው አሠራር በሙሉ ይህንኑ ይመስላል፤ አንድ ጥያቄ፣ በብዙ ቋንቋ መልስ።

ሮዜታ ኮድን በ2007 የመሠረተው ማይክ ሞል ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው በ1799 በግብፅ ከተገኘውና አንድን መልእክት በሦስት ጽሕፈት ከያዘው የሮዜታ ድንጋይ ነው። ዛሬ ከ1,000 በላይ መልመጃዎችን የያዘ ሲሆን፣ የሚያውቃቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች ቁጥርም ከ800 በላይ ነው። የሚሠራው ዊኪፔዲያ በሚሠራበት በሚዲያዊኪ ሶፍትዌር ስለሆነ፣ በአማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አርሞ የሚያውቅ ሰው እንግድነት አይሰማውም። ዊኪ የሚባለው ነገር ራሱ የተወለደው ለፕሮግራመሮች መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ዋርድ ከኒንግሃም በ1995 የመጀመሪያውን ዊኪ የከፈተው የሶፍትዌር ሰዎች ልምዳቸውን እንዲለዋወጡበት ነበር። ስለዚህ ሮዜታ ኮድ የዊኪን ሐሳብ ወደ ተነሣበት ሰፈር የመለሰ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ አዲስ ሰው እዚህ ገብቶ ሊጽፍ ቢፈልግ ምን ይገጥመዋል? መለያ መክፈት፣ የማረሚያውን ቁልፍ መጫንና መጻፍ ቀላል ነው። የሚከብደው ምን እንደሚጽፉ ማወቅ ነው። እኔ ፓይተን ስለምችል የፓይተን መልስ እጽፋለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው፣ በታወቁት መልመጃዎች ላይ ቦታው ቀድሞ ተይዞ ያገኘዋል፤ አንዳንዴም ሦስት አራት ዓይነት መልስ በአንድ ቋንቋ ሥር ተደርድሮ ይጠብቀዋል። የሲ እና የጃቫም ዕጣ ከዚህ አይለይም። ለዚህ ችግር ዊኪው ያዘጋጀው መፍትሔ በእኔ ዓይን ከሁሉ የላቀ አገልግሎቱ ነው፦ በአንድ ቋንቋ ያልተሠሩት መልመጃዎች በሙሉ በዝርዝር የሚታዩበት ገጽ አለ። ቋንቋውን መርጦ ይህን ዝርዝር የከፈተ ሰው ክፍተቱን በአንድ እይታ ያገኘዋል። ችግሩ ይህ ገጽ ለአዲስ ገቢ በሩ ላይ ተለጥፎ አለመታየቱ ነው። ነባሮቹ መንገዱን ያውቁታል፤ አዲሱ ሰው ግን ከአንዱ ማያያዣ ወደ ሌላው ሲንከራተት ካልሆነ በቀር አያገኘውም።

ክፍተቱ ከተገኘ በኋላ ሌላ የሚመች መግቢያ አለ። አንድ ሰው በሲ የተጻፈውን መልስ ወስዶ ወደሚችለው ቋንቋ ሊመልሰው ይችላል፤ ሲመልስም «ይህ ከእገሌ ቋንቋ የተተረጎመ ነው» የሚል አጭር መለጠፊያ ከላይ ያኖራል። የሌላውን ሥራ መነሻ ማድረግ እንደ ኩረጃ የማይቆጠርበት፣ እንዲያውም በይፋ የሚመዘገብበት ቦታ በመሆኑ፣ አዲስ ፈጠራ ካላመጣሁ ብሎ የሚፈራን ጀማሪ ያበረታታል። ቋንቋዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ የሚገኘው ትምህርትም ቀላል አይደለም። በሃስኬል የጻፈው ሰው ሁለቱን ዓምዶች እንደ ጥንድ ዝርዝር አዘጋጅቶ፣ ተጋማሾቹን አጥልሎ የቀሩትን ይደምራል፤ በጄ ቋንቋ የጻፈው ደግሞ ነገሩን በጥቂት መስመር ምልክት ይጨርሰዋል፣ አንባቢውም ለረጅም ጊዜ አፍጥጦ ያየዋል።

የአጻጻፍ ሥርዓቱ ጥቂት ነገሮችን ብቻ ይፈልጋል። የቋንቋው ስም በራስጌ መለጠፊያ ይገባል፤ ኮዱ ቀለም እንዲይዝ ቋንቋውን በሚገልጽ ምልክት ይታቀፋል፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚያወጣው ውጤት ደግሞ ከሥሩ ለብቻው ይቀመጣል። በየትኛው የቋንቋ ዕትም ላይ እንደሚሠራ የሚገልጽ መለጠፊያም አለ። ይህን ሁሉ ከመመሪያ ገጽ ማንበብ ያሰለቻል፤ የሚሻለው ከገጹ አንድ የተሟላ መልስ መርጦ የማረሚያ ሳጥኑን ከፍቶ ማየትና አሠራሩን መከተል ነው። ቅድመ እይታውን ሳይመለከቱ ማስቀመጥ፣ ማጠቃለያውንም ባዶ መተው ነውር ባይባልም ጥሩ ልማድ አይደለም።

ስለ ውጤቱ አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። የኢትዮጵያ ማባዛትን በጃቫስክሪፕት ለልምምድ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ስሠራ፣ የሚያጋምሰውን ፈንክሽን በተራ ማካፈል ጻፍኩት። በዚህ ቋንቋ 17 ለ2 ሲካፈል 8 ሳይሆን 8.5 ነው የሚወጣው። ከዚያ 4.25፣ ከዚያ 2.125፣ ከዚያ 1.0625 እያለ ይወርዳል፤ ከእነዚህ አንዱም ለ2 ያለ ትርፍ ስለማይካፈል አንድም ረድፍ አልተሰረዘም፣ አምስቱም ተደምረው 1054 ሰጡኝ። ኮዱ ስሕተት አላሳየም፣ አልቆመም፤ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ቁጥር አወጣ። ትርፉን ቆርጦ የሚጥል ፈንክሽን ስጨምርበት ወደ 578 ተመለሰ። ውጤቱን ከኮዱ ሥር የማስቀመጡ ልማድ ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ውጤቱን ለመለጠፍ የተገደደ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ኮዱን ያስኬደዋል።

የዊኪው ትልቁ ድክመትም እዚሁ ላይ ነው። ሰዎች የሚለጥፉትን ኮድ በራሱ የሚያስኬድና የሚፈትሽ ሥርዓት የለም። ስሕተት ያየ አንባቢ «ይህ ምሳሌ ትክክል አይደለም» የሚል መለጠፊያ ምክንያቱን ጽፎ ያኖርበታል፤ ያልተሟላ ለሆነና መሻሻል ለሚገባውም እንዲሁ የየራሳቸው መለጠፊያ አላቸው። ይህ ጨዋ አሠራር ነው፤ የሰውን ሥራ ከመሰረዝ ጉድለቱን ነግሮ ጸሐፊው ራሱ እንዲያርመው ዕድል ይሰጣል። ነገር ግን የሚሠራው ያየ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ብዙ ሰው በሚያነባቸው ቋንቋዎች ላይ ዐይን አይጠፋም፤ ጥቂቶች ብቻ በሚያውቁት ቋንቋ የተጻፈ መልስ ግን ማንም ሳይነካው ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ከዚያ ኮድ ገልብጦ ወደ ሥራው ለማስገባት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ራሱ ይፈትሸው። በዚያ ላይ የዊኪው ይዘት የሚሰራጨው በጂኤንዩ ነጻ የሰነድ ፈቃድ ሥር ስለሆነ፣ ለድርጅት ሥራ የሚገለብጥ ሰው የፈቃዱን ግዴታዎች ማንበብ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ማብራሪያ ነው። አብዛኛው መልስ ኮድና ውጤት ብቻ ነው፤ ለምን እንዲህ ተሠራ የሚለውን የሚናገር ዓረፍተ ነገር እምብዛም አይገኝም። የኢትዮጵያ ማባዛት ለምን ትክክለኛ መልስ እንደሚሰጥ እንኳ ለመረዳት አንባቢው ራሱ ማሰብ አለበት፦ 17 ማለት 16 ሲደመር 1 ነው፣ በግራ ኢተጋማሽ ሆነው የተረፉት ረድፎችም እነዚህኑ ሁለቱን ይወክላሉ፤ በሌላ አነጋገር ዘዴው ቁጥሩን ኮምፒውተር እንደሚያየው በሁለት ቤት፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ፣ ይተነትነዋል። እንዲህ ያለ ሁለትና ሦስት መስመር ማብራሪያ መጨመር፣ ቦታ ሁሉ ተይዟል ብሎ ለሚያዝን አዲስ ጸሐፊ ክፍት የሆነ ሰፊ ሥራ ይመስለኛል። ዊኪው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋው የማይቀናው ሰው በዚህ በኩል ሊቸገር ይችላል፤ ኮዱን ብቻ ለሚጽፍ ግን ብዙ እንግሊዝኛ አያስፈልገውም።

ከመጻፍ በፊት መጠየቅ የሚፈልግ ሰው በየመልመጃው ጀርባ ያለውን የውይይት ገጽ ይጠቀም። እኔ ካነበብኳቸው የሚበዙት ወደ ጉዳዩ የሚገቡ፣ ቁጥብ አነጋገር ያላቸው ናቸው፤ ጥያቄው በደንብ አልተገለጸም፣ ይህ መልስ ሕጉን አልጠበቀም፣ የሚሉ ክርክሮች ይበዛሉ። አዲስ መልመጃ ማቅረብ የሚሻም መጀመሪያ በረቂቅነት ያስቀምጠዋል፤ ሌሎች ሠርተውት፣ ግልጽ ያልሆነው ተጠርቶ ከረቂቅነት ይወጣል። ይህን መንገድ ለጀማሪ አልመክርም፤ ጥያቄን በማያሻማ ቃል መጻፍ መልሱን ከመጻፍ ይከብዳልና።

በሞባይል ዳታ ለሚጠቀሙ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በታወቁት መልመጃዎች ላይ ገጹ እጅግ ይረዝማል፤ የሚፈልጉት ቋንቋ በፊደል ተራ መጨረሻ አካባቢ ከሆነ በጣት እየገፉ መውረድ ያደክማል፤ ከላይ ያለውን ማውጫ መጠቀም ይሻላል። ለማረምም ሙሉውን ገጽ ሳይሆን የአንዱን ቋንቋ ክፍል ብቻ መክፈት ይቻላል፤ ይህም የሌላውን ሰው ኮድ በስሕተት ከመንካት ያድናል።

ነጥብና ሽልማት ለለመደ ሰው ይህ ቦታ ቀዝቃዛ ነው። የሚቆጠር ነጥብ የለም፣ የሚያጨበጭብ የለም፤ የጻፉት ሰው ስም የሚገኘው በገጹ ታሪክ ውስጥ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ዛሬ ለሚጀምር አልመክረውም። አንድ ቋንቋ በደንብ ይዞ ሁለተኛውን ለመልመድ ለሚፈልግ፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲ ሲ ፕላስ ፕላስ ተምሮ ሌላውን ዓለም ማየት ለሚሻ ተማሪ ግን ከዚህ የሚቀርብ የልምምድ ሜዳ አላውቅም። የኢትዮጵያ ማባዛት ሦስት አጫጭር ፈንክሽኖችና አንድ መደመሪያ ብቻ ስለሚፈልግ፣ ለመጀመሪያ ጽሑፍ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።