ከስምንት ወር በኋላ፦ ገመድ አልባው ማሳያዬና የሚጠፋው ቀስት

የእህቴ ልጅና ሦስት የሰፈር ጓደኞቿ ለሚኒስትሪ እየተዘጋጁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ የማስጠናቸው እኔ ነኝ። አራት ልጅ አንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍቶ አይማርም። ስለዚህ የዛሬ ስምንት ወር ቴሌቪዥኑ ኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካ ትንሽ የሚራካስት (የላፕቶፕን ስክሪን ያለ ገመድ ወደ ቴሌቪዥን የሚያስተላልፍ ዘዴ) መቀበያ ገዛሁ።

ምስሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥሩ ነው። የዊንዶውስን ቁልፍና ኬን አንድ ላይ እጫናለሁ፣ የመቀበያውን ስም እመርጣለሁ፣ በቃ። ላፕቶፑና መቀበያው በቀጥታ ስለሚገናኙ የቤቱ ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሠራል። ያስለፋኝ ከርሰሩ፣ ማለትም የማውሱ ቀስት ነው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ጎነ ሦስት እያስረዳሁ ነበር። «ይቺ ጎን ከዚህችኛዋ ጋር እኩል ናት» እላለሁ። ላፕቶፑ ላይ ቀስቱ ጎኗ ላይ ቁጭ ብሏል። ልጆቹ ዝም አሉ። በመጨረሻ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ የቷ ናት?» አለችኝ። ዞር ብዬ ቴሌቪዥኑን ሳይ ቀስት የሚባል ነገር የለም።

ኤክስቴንድ (ቴሌቪዥኑን እንደ ተጨማሪ ስክሪን የሚቀጥለው አማራጭ) ላይ ሆኖ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ፤ እንደዚያ ከሆነ ቀስቱ የሚታየው አንዱ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ዊንዶውስና ፒን ተጭኜ ሳይ ግን ዱፕሊኬት (ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል የሚያሳየው) ላይ ነው። ነቅዬ ሰካሁት። ድራይቨር አፕዴት አደረግኩ። የገዛሁበት ሱቅ ደግሞ «ችግሩ የቲቪው ነው» አለኝ። አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀስቱ ፈጠን ብሎ እንዲንቀሳቀስ ግራፊክስ ካርዱ ብዙ ጊዜ ከምስሉ ጋር አይስለውም፤ ለብቻው በላዩ ላይ ያስቀምጠዋል። ወደ ቴሌቪዥኑ የሚላከው የሥሩ ምስል ብቻ ከሆነ ቀስቱ ላፕቶፑ ላይ ይቀራል። እኔን የገላገለኝ የማውስ ሴቲንግ ውስጥ ያለ አንድ ምልክት ነው፦ አዲሽናል ማውስ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፖይንተር ኦፕሽንስ፣ እዚያ ዲስፕሌይ ፖይንተር ትሬይልስ። ርዝመቱን ሾርት ላይ አደረግኩት። ያኔ ዊንዶውስ ቀስቱን ከምስሉ ጋር አብሮ ይስለዋል። ከኋላው ትንሽ ጭራ ይጎትታል፤ ልጆቹ ግን ወደዱት፣ ዓይናቸው ቶሎ ይከተለዋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠፋብኝም።

መዘግየቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ስክሪኑ ቪዲዮ ሆኖ ይታመቃል፣ በአየር ይላካል፣ ወዲያ ማዶ ይፈታል። ቴሌቪዥኑም ምስሉን አሳምራለሁ ብሎ የራሱን ጊዜ ይጨምራል። ይህን የመጨረሻውን የቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ በማብራት ቀነስኩት። የቀረውን ለምጄዋለሁ፤ ቀስቱን ካስቀመጥኩ በኋላ ትንሽ ቆም ብዬ ነው የምናገረው። ፎቶ ኤዲት ለማድረግ ግን አይሆንም፣ ያን ጊዜ ገመድ እሰካለሁ።

ቀስቱ እየተቆራረጠ የሚዘልበት ጊዜም ነበር። የኔ መቀበያ የሚሠራው 2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ብቻ ነው፣ የብሉቱዝ ማውሴም እዚያው ስለሆነ ይረባበሻሉ። ባለገመድ ማውስ ስይዝ ተስተካከለ። መቀበያው ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ኃይል ሲወስድ ደግሞ እየጠፋ ይበራ ነበር፤ ወደ ስልክ ቻርጀር አዞርኩትና ቆመ።

ልትገዙ ካሰባችሁ 5 ጊጋኸርዝ ያለውን ጠይቁ። የራሳችሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ፊልም ከፍቶ ቢያሳያችሁ አይበቃም። ማውሱን አንቀሳቅሱና ቀስቱን ቴሌቪዥኑ ላይ ፈልጉት።