በጋራ እንግዛ የሚለው የጥላ ተክል ጥሪ ሲደርሳችሁ ቶሎ ገንዘብ እንዳታስገቡ

ጎበዝ፣ ዛፍ ሥር ያለው መሬት ራቁቱን ቀርቶ የሚያስቸግራችሁ ሁሉ ይህችን አንብቡልኝ። «ሆስታ፣ አስቲልቤ፣ ሂውኬራ፣ ፈርን፣ ሄሌቦር፤ ሁሉም በጅምላ ዋጋ፣ ዝርዝሩ ነገ ማታ ይዘጋል» የሚል ጥሪ እንደገና መዞር ጀምሯል፤ የተዘረዘሩት ሁሉ ጥላ ሥር የሚተከሉ የጌጥ ተክሎች ናቸው። እኔ ያለሁበት የአትክልተኞች ስብስብ ባለፈው ወቅት በዚሁ ጥሪ ገብቶ ነበር። ሣጥኑ ሲመጣ ከፍተው ከቆጠሩትና ካከፋፈሉት ሰዎች አንዱ ስለነበርኩ የምጽፈው ያየሁትን ነው። የሻጩን ስም አልጠራም፤ ስም ቀይሮ መምጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። አካሄዱን ካወቃችሁት ግን በየትኛውም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

በጋራ መግዛት በራሱ ክፋት የለውም። ጅምላ አቅራቢ ችግኝ ጣቢያዎች ለአንድ ሰው ሦስት ሆስታ አይሸጡም። ከዚህ በታች አንቀበልም የሚሉት የትዕዛዝ መጠን አላቸው፤ ትናንሽ ችግኞችን የሚሸጡትም በትሪ ነው። አንዱ ትሪ 50 ወይም 72 ችግኝ ይይዛል፣ ሁሉም አንድ ዝርያ። 72 አንድ ዓይነት ሆስታ የሚያስተናግድ ግቢ ያለው ማን ነው? ስለዚህ አሥር አሥራ አምስት ሰው ይሰባሰብና ትሪውንም የማጓጓዣውንም ወጪ ይካፈላል። በደንብ ከተመራ ሁሉም ይጠቀማል። መጥፎ ሻጭ የሚወደውም ይህንኑ መሰባሰብ ነው። ለብቻው የሚገዛ ሰው አሥር ጥያቄ ይጠይቃል፤ አሥራ አምስት ሆነው ሲገዙ ግን እያንዳንዱ ሌላው አጣርቶ ይሆናል ብሎ ይከፍላል።

ወደ ሣጥኑ ልመለስ። ማስታወቂያው ላይ የነበረው ፎቶ አንድ ክንድ የሚሰፋ ሰማያዊ ቅጠል ያለው፣ ለዓመታት የቆየ ሆስታ ነው። ከላስቲክ ከረጢቱ የወጣው ደግሞ በደረቀ ሞስ የተጠቀለለ፣ ከትንሿ ጣቴ የማይረዝም ሥር፤ ጫፉ ላይ አንድ ዓይን፣ ማለትም አንድ ጉጥ ብቻ። ገሚሱ ጫን ሲሉት ልፍስፍስ ብሎ ቡናማ ውሃ ያወጣል፣ ሽታውም የብስባሽ ነው። ከረጢቱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት «ሆስታ፣ ሰማያዊ» ትላለች፤ የዝርያ ስም የላትም። አስተባባሪያችን ለሻጩ ፎቶ አንሥታ ስትልክለት መልሱ አጭር ነበር፦ «ማስታወቂያው ላይ ስለ መጠን የተጻፈ ነገር አለ?»

አልነበረም። ጠቅላላው ጨዋታ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ቋሚ ተክል ያለ አፈር፣ ሥሩ ብቻ ሲሸጥ የሚለካው በዓይን ብዛት ነው። ዓይን የምለው በሚቀጥለው ወቅት ቅጠልና አገዳ ሆኖ የሚወጣውን ጉጥ ነው። አስቲልቤ በነጋዴዎች ዘንድ «2/3 ዓይን» ወይም «3/5 ዓይን» እየተባለ ይሸጣል፤ ከሁለት እስከ ሦስት፣ ከሦስት እስከ አምስት ለማለት ነው። ሆስታም በዚሁ ይለካል፤ ደኅና የሚባለው ሁለት ሦስት ዓይን አለው። አንድ ዓይን ያለውን ሥር በርካሽ መሸጥ ነውር አይደለም፣ አንድ ዓይን ነው ብሎ እስከሸጠው ድረስ። ልዩነቱ ግን ዓመታት ያስከፍላል፦ ትልልቆቹ የሆስታ ዝርያዎች ከጥሩ ሥር ተነሥተው እንኳ ሙሉ መጠናቸውን ለመያዝ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ።

በትሪ የሚመጣውም ቢሆን የራሱ ሒሳብ አለው። ዛፍ ሥር ያለ መሬት ችግሩ የብርሃን ማነስ ብቻ አይደለም፤ የዛፉ ሥር ውሃውን ቀድሞ ይጠጣዋል። አውራ ጣት የምታህል አፈር የያዘ ችግኝ እዚያ በቀጥታ ቢተከል አብዛኛው ይደርቃል። መጀመሪያ አንድ ወቅት ያህል በመትከያ ዕቃ ውስጥ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ አፈሩ፣ ዕቃው፣ በየቀኑ ማጠጣቱ የእናንተ ነው። ሻጩ ግን የትሪዋን ችግኝ ዋጋ ችርቻሮ ቤት ካለው በትልቅ መትከያ ካደገ ተክል ዋጋ ጋር አስተያይቶ «ይህን ያህል አተረፋችሁ» ይላችኋል። ሁለቱ አንድ ዕቃ አይደሉም። ማስተያየት ካለበት ትሪን ከትሪ፣ ሦስት ዓይንን ከሦስት ዓይን ያስተያይ።

ሌላዋ ወጥመድ በትንሽ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ናት፦ «ያለቀውን በተመሳሳይ እንተካለን።» ተመሳሳይ ማለት በማን ዓይን? እኛ ዘንድ ስም ባላቸው ድርብ አበባ ሄሌቦሮች ምትክ «ቅልቅል» የተባለ ከዘር የበቀለ ችግኝ መጣ። ከዘር የበቀለ ሄሌቦር ቀለሙ እንደ ዕድል ነው፤ እስኪያብብም ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳል። ነጭ ያዘዘ ሰው ነጭ ማግኘት አለማግኘቱን የሚያውቀው ያኔ ነው። የባሰው ደግሞ ኤፒሜዲየም በሚባለው ሌላ የጥላ ተክል ፈንታ «መሬት የሚሸፍን የጥላ ተክል» ተብሎ የገባው ነበር። ቅጠሉ ሲወጣ አረንጓዴና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ኤጎፖዲየም የሚባል ወራሪ ተክል መሆኑን የሚያውቅ ሰው ባይኖር ሁላችንም ተክለነው ነበር። መሬት ውስጥ ከሚሄደው ሥሩ አንዲት ቁራጭ ከቀረች እንደገና ትነሣለች። አንዴ ከገባ ሌሎቹን ተክሎች ነቅሎ ማጽዳት ሊጠይቅ ይችላል። ርካሽ የጥላ ጥቅል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሞላው እንዲህ ያለው ነው፣ ምክንያቱም ለሻጩ ማብዛቱ ምንም አያስቸግረውም።

አሁን ዋናው። የጥላ ተክሎች በጅምላ የሚላኩት አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው ነው፤ ቅጠል የላቸውም። የተኛ ሥር ደግሞ ዝርያውን አይናገርም፣ በሽታውንም አይናገርም። ሻጩ የሰጠን የአቤቱታ ጊዜ ዕቃው ከደረሰ አምስት ቀን ነበር። በአምስት ቀን ውስጥ የሚታየው የበሰበሰና የጎደለ ብቻ ነው። ቅጠሉ ወጥቶ «ይህ እኮ ያዘዝኩት አይደለም» የምትሉበት ጊዜ ሲደርስ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ሐቀኛ የሆኑ አቅራቢዎች ይህን ያውቁታል፤ ለሚታይ ጉዳት አጭር ጊዜ ይሰጣሉ፣ ለዝርያ እውነተኛነት ግን እስከሚቀጥለው እድገት ወቅት ዋስትና ይጽፋሉ። ሁለቱን ያልለየ ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ለምን እንዳልለየ ጠይቁት፤ መልሱ ብዙ ይነግራችኋል።

በዚህ ላይ ማን ለማን አቤት እንደሚል አስቡ። ሻጩ የሚያውቀው ያዘዘውንና የከፈለውን አንድ ሰው ነው። እናንተ ገንዘባችሁን የሰጣችሁት ለአስተባባሪው ነው፤ በሻጩ መዝገብ ላይ የላችሁም። በካርድ የተከፈለ ከሆነ ለባንኩ ክርክር ማቅረብ የሚችለው ባለ ካርዱ ብቻ ነው። በቀጥታ የባንክ ማስተላለፊያ፣ ወይም ለዘመድ ገንዘብ በሚላክበት መንገድ የተከፈለ ከሆነ ደግሞ ማስመለሱ እጅግ ከባድ ነው። የእኛ ሻጭ ካርድ አልቀበልም፣ ሙሉውን አስቀድማችሁ አስገቡ ያለው አለነገር አልነበረም። ቀብድ ብቻ ተቀብሎ የቀረውን ዕቃው ለመላክ ሲዘጋጅ የሚጠይቅ ሻጭ ሌላ ነገር ነው። ሙሉ ክፍያ ተቀብሎ ርክክቡን ለሚቀጥለው ወቅት የሚቀጥር ግን ላም አለኝ በሰማይ እያስባላችሁ ነው። «ተመላሽ» የሚለውንም ቃል ጠይቁ፦ ገንዘብ ነው ወይስ ከእሱው እንደገና የምትገዙበት ኩፖን? ለእኛ ኩፖን ነበር።

አስተባባሪዋን አንወቅሳትም፤ ያለ ክፍያ ስትሮጥ የከረመች ሴት ናት። ነገር ግን አሥራ ምናምን ሰው ወደ እሷ ሲያፈጥ የሻጩ ጥፋት በወዳጆች መሃል ጠብ ሆኖ ይቀራል። ሻጩም ይህን ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

ሆስታ ለምታዙ ለብቻው የምነግራችሁ አለ። ሆስታ ቫይረስ ኤክስ የሚባል በሽታ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው የተለየው። መድኃኒት የለውም። ምልክቱ የቅጠሉ ቀለም የቅጠሉን ጅማቶች ተከትሎ ወደ ነጣው ክፍል ሲፈስ ነው፣ ወረቀት ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም፤ አንዳንዴም ቅጠሉ ይጎረብጣል፣ ይጨማደዳል። ችግሩ የታመመ ተክል ለረጅም ጊዜ ጤነኛ መስሎ መቆየት መቻሉ ነው። አንድ ጊዜማ ቅጠላቸው እንግዳ የሆነው «ብሬክ ዳንስ»፣ «ሌፐርድ ፍሮግ» እና «ሉናሲ» የተባሉት እንደ አዲስ ዝርያ ለገበያ ቀርበው ነበር፤ በኋላ ያ ውበት ቫይረሱ መሆኑ ታወቀ።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በተክሉ ጭማቂ ነው፤ በቢላ፣ በመቀስ፣ በእጅ። የጋራ ግዢ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚሆን ደግሞ ታውቃላችሁ፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቢላ፣ ትልልቁን ሥር ለሁለት ለሦስት እየከፈሉ ማደል። አንዱ ሥር ታሞ ከነበረ በዚያው ከሰዓት የአሥር ሰው ግቢ ገባ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሥሮቹ አንሰው ለመክፈል አልበቁምና በዚህ በኩል ተርፈናል፤ የሻጩ ንፍገት አንድ ጥሩ ነገር ሠራ። እናንተ ግን ሙሉ ሥር ለሙሉ ሰው ስጡ፣ አትክፈሉ። መክፈል ግድ ከሆነ በእያንዳንዱ ሥር መሃል ቢላውን አጥባችሁ በአንድ እጅ በረኪናና በዘጠኝ እጅ ውሃ ድብልቅ ውስጥ ንከሩት። ቅጠል ከወጣ በኋላ ለሚጠረጠረው፣ የቅጠሉን ጭማቂ ፈትሾ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውጤት የሚያሳይ መመርመሪያ ስትሪፕ ይሸጣል። አንዱን ስብስቡ አዋጥቶ ቢገዛው አይጎዳም። በጅምላ ለምታዙትም አቅራቢው ሥሩ የወጣበት እናት ተክል መመርመሩን በጽሑፍ ይንገራችሁ። «እኛ ጋ በሽታ የለም» ምርመራ አይደለም።

ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቀይ የሆስታ ዘር በፖስታ የሚሸጡትንማ አታስቡት። ዝንጉርጉር ሆስታ ከዘር እናቱን አይመስልም። የሆስታ ሰማያዊነት ቅጠሉ ላይ ካለ የሰም ሽፋን የሚመጣ ነው፤ ሙቀትና ዝናብ ሲበዛበት እየሳሳ ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። እንደ ሰማይ ጥርት ያለው የፎቶው ሰማያዊ ከኮምፒውተር የወጣ ነው።

ጥሪውን ለሚያስተባብሩ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። «አንድ ትሪ እንግዛና አባዝተን ለሌሎች እንሸጣለን» የሚል ሐሳብ ሻጩ ራሱ ሲያቀርብላችሁ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ አዳዲስ የሂውኬራና የሆስታ ዝርያዎች የአዳቃዩ፣ ማለትም ዝርያውን ያወጣው ሰው፣ መብት የተጠበቀባቸው ናቸው፤ መብቱ ባለባቸው አገሮች ብዙውን ጊዜ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥም ያስጠይቃል። የሚጠየቀው የሸጠው ሰው ነው፣ ሐሳቡን ያመጣው አይደለም። ሥር ወይም ችግኝ ድንበር ተሻግሮ የሚመጣ ከሆነም የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ያስፈልገው እንደሆነ ከማዘዛችሁ በፊት አረጋግጡ። «እኛ በራሳችን መንገድ እናስገባዋለን» የሚል ሻጭ ዕቃው ጉምሩክ ቢያዝ ከጎናችሁ አይቆምም።

እንግዲህ ጥሪው ከደረሳችሁ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ሻጩ በጽሑፍ ይመልስላችሁ። የእያንዳንዱ ዝርያ ሙሉ ስም ምንድን ነው? ስንት ዓይን ነው፣ ወይስ ስንት ሴንቲ ሜትር መትከያ ውስጥ ያደገ? የአሁኑን ክምችት፣ ሥሩን ራሱን፣ ከማስመሪያ ጋር አንሥቶ ያሳየን። ያለ ፈቃዳችን ምትክ እንደማይልክ ይጻፍልን። የዝርያ ዋስትናው እስከ መቼ ነው? መልስ ለመስጠት «ዝርዝሩ ነገ ይዘጋል» የሚያስቸኩለው ከሆነ ይዘጋ። ጥሩ ጅምላ አቅራቢ እነዚህን ጥያቄዎች በየቀኑ ስለሚጠየቅ ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር አብሮ ይልካቸዋል።

የከፈላችሁም አትደናገጡ። ዕቃው ሲደርስ ከመከፋፈላችሁ በፊት፣ ሣጥኑ ሳይከፈት ጀምሮ ቪዲዮ ቅረጹ፤ እያንዳንዱን ከረጢት ከነጽሑፉ፣ እያንዳንዱን ሥር ጫን ብላችሁ። የለሰለሰውንና የበሰበሰውን ለዩ፤ አትጣሉት፣ ማስረጃ ነው። ጠንካራ የሆነውን አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ አርሱትና ወዲያው ትከሉት፤ መትከል ካልቻላችሁ በትንሹ እርጥብ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አቆዩት። ላስቲኩ ውስጥ ታፍኖ ከቆየ ሻጋታ ይይዘዋል። አቤቱታውን አስተባባሪው በአንድ ደብዳቤ፣ የሁሉንም ጉዳት አንድ ላይ አድርጎ፣ የመጨረሻው ቀን ከማለፉ በፊት ይላክ፤ እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ሲጮህ ሻጩ ለየብቻው ያባብላል። በካርድ ተከፍሎ ከሆነ ባለ ካርዱ ሻጩ እስኪመልስ ሳይጠብቅ ባንኩን ያነጋግር፣ ለክርክሩም የጊዜ ገደብ አለው። አዲሶቹን ሆስታዎች ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ የእድገት ወቅት ከድሮዎቹ አርቃችሁ፣ በተለየ መቀስ ያዙአቸው።