ባለ 7 ሊትሩ ፕሬዠር ኩከር ሱሉልታ ላይ ሲመዘን

ሱሉልታ ላይ ሽምብራ ሰዓታት የሚፈጀው ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታበረቱት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ ኬሚካላዊ ለውጦች ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ሲቀንስም እንዲሁ በግማሽ ይወርዳል። የጎደሉት 9 ዲግሪዎች ቀላል አይደሉም።

ይህን እንፋሎቱን አምቆ ግፊት የሚፈጥር የአሉሚኒየም ድስት (ፕሬዠር ኩከር) የመዘንነው የጎደለውን ሙቀት ምን ያህል ይመልሳል ብለን ነው። ጥሩ አድርጎ ይመልሳል። የሥራ ግፊቱ (ሲያበስል ከውጭው አየር በላይ የሚይዘው ግፊት) 100 ኪሎ ፓስካል የሆነ ድስት ውስጡ 116 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ 80 የሆነው 112። የተለመደው 120 ዲግሪ ለባሕር ጠረፍ የተሰላ ነው፤ የድስቱ ግፊት የሚደመረው በውጭው አየር ግፊት ላይ ስለሆነ የእኛ ስስ አየር ትንሽ ይቀንስበታል። ስለዚህ መመሪያው ላይ ባለው ደቂቃ ላይ ሲሶ ያህል ጨምሩ። ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ሽምብራ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ያልተዘፈዘፈ ከ50 በላይ ይፈልጋል። የቅቅል ሥጋ እንደ ቁራጩ ትልቅነት ከ45 ደቂቃ በላይ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ክዳኑ ላይ ያለችው ክብደት ስታፏጭ ነው፣ እሳት ሲለኮስ አይደለም።

ለግማሽ ኪሎ ሽምብራ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ማብሰሉን ያፋጥነዋል፤ የእህሉን ሕዋሳት አያይዞ የያዘውን ፔክቲን ቶሎ ያፈርሰዋልና። ሲበዛ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቫይታሚን ቢ1ንም ያጠፋል። ቲማቲምና ሎሚ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ እህሉ ሳይለሰልስ ከገቡ ደርቆ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ጨምሯቸው።

ቁሌት ለዚህ ድስት አይሰጥም። ሽንኩርት በወጉ የሚጠይመው ውሃው አልቆ ሙቀቱ ወደ 140 ሲጠጋ ነው፤ ክዳኑ ከተዘጋ እርጥበቱ አይወጣምና ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ክዳኑን ከፍታችሁ አቁላሉ፣ በርበሬውን አብስሉ፣ ከዚያ ሥጋውንና ውሃውን ጨምራችሁ ዝጉ። ሽሮ ደግሞ ፈጽሞ አይግባበት፤ ሥሩ ያርራል፣ የእንፋሎቱን ቀዳዳም ይደፍናል። ምስርና ክክ አረፋቸው ብዙ ነው፤ ከግማሽ በላይ አትሙሉ።

ዋናው ጉድለቱ ሥሩ ስስ መሆኑ ነው። ቡታጋዝ ላይ ስታፏጭ ወዲያው እሳቱን መቀነስ ይቻላል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ይግላል፤ ከማፏጨቷ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቀንሱት። መብራት ከሄደ ክዳኑን አትንኩ፤ የታመቀው ሙቀት ለጊዜው ማብሰሉን ይቀጥላል። ለማስተንፈስም አትቸኩሉ። ግፊቱ ድንገት ሲወርድ ውስጡ ያለው ውሃ በኃይል ይገነፍላል፣ ሽምብራውም ይፈነዳል። 15 ደቂቃ ስጡት።

ስትገዙ የክዳኑን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት፤ ብርሃን ማሳለፍ አለበት። የክዳኑን ጎማ እጠፉት፤ ከተሰነጠቀ ተዉት። መለዋወጫ ጎማ የማይገኝለትን ድስት አትግዙ፤ ጎማው የደረቀ ድስት እንፋሎቱን በጎን እየለቀቀ ተመልሶ 91 ዲግሪ ላይ ይቀራል።