«ለጊዜው ውክልና ይበቃል» የሚባልባትን ቪትዝ አትግዙ

በትንሽ ብር መኪና የሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቶዮታ ቪትዝ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሃያ ዓመት ያለፋት ቪትዝ እንኳ ዋጋዋን አልጣለችም። ስለዚህ ከገበያው በግልጽ የረከሰች ስታገኙ ከመደሰታችሁ በፊት ጠርጥሩ። የጎደለው ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ወይም ሞተሩ ነው፤ አንዳንዴም ሁለቱም።

ከወረቀቱ እንጀምር። ደላላው «ስሙን ቀስ ብላችሁ ታዞራላችሁ፣ ለጊዜው ውክልና ይበቃል» ይላል። ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ያለው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሻጩ አይደለም። የመጀመሪያው ባለቤት ለአንዱ ውክልና ሰጠ፣ እሱ ለሌላው አስተላለፈ፣ እናንተ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ናችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ የተለየ ስምምነት ከሌለም ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። ያኔ ወራሾች መጥተው መኪናው የአባታችን ነው ቢሏችሁ በእጃችሁ ያለው ወረቀት አያድናችሁም። ትዳርም አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህ ባል ብቻውን ሲሸጥ ሚስት የት እንዳሉ ጠይቁ፤ ያላገባ ነኝ ካለ ማስረጃውን ያሳይ።

ትክክለኛው መንገድ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ራሱ ሲመጣ ነው። አብራችሁ መኪናው ወደተመዘገበበት መንጃና ተሽከርካሪ ቢሮ ሂዱ፤ የፍርድ ቤት እገዳ፣ የባንክ መያዣ ወይም ያልተከፈለ ቀረጥ እንደሌለበት ከፋይሉ ይጣራ። በቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርም። ከዚያ በኋላ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም። ባለቤቱ ለመምጣት ካቅማማ ለራሱ የሚጠቅመውን ንገሩት፤ መኪናው በስሙ እስካለ ድረስ አደጋ ቢደርስ ካሣ የሚጠየቀው እሱም ነው።

ቀብድ በጽሑፍ ካልሆነ አትስጡ። በሕጉ መሠረት ሰጪው ከፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፤ ያለ ወረቀት ግን ይህን ማስረዳት ይከብዳል። «ለግብር እንዲቀል» ተብሎ በውሉ ላይ ዋጋው ዝቅ ብሎ እንዲጻፍም አትስማሙ። ውሉ ቢፈርስ ይመለስልኝ ብላችሁ የምታሳዩት የተጻፈውን ብቻ ነው።

ወደ መኪናዋ እንምጣ። የመጀመሪያዋ ቪትዝ ከ1999 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የተሸጠች፣ መሪዋ በቀኝ የነበረ መኪና ናት። እዚህ ያሉት ብዙዎቹ መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወረ ነው። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ችግር የለውም፤ በችኮላ ከተሠራ ግን ለሕይወት ያሰጋል። ኮፈኖውን ከፍታችሁ ሞተሩንና የተሳፋሪውን ክፍል የሚለየው ብረት ላይ ሻካራ ብየዳ ወይም ዝገት ፈልጉ። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ሁለቱም ጎን አዙሩ፤ የሚይዝ ወይም የሚፋጭ ነገር ካለ ተዉት። ሞተሩ እየሠራ የፍሬኑን ፔዳል ለ30 ሰከንድ ጫን ብላችሁ ያዙ፤ ቀስ እያለ ከሰመጠ ፍሬኑ ጤነኛ አይደለም።

የሻንሲ ቁጥሯ እንደ ሌሎቹ 17 ፊደልና ቁጥር የለውም፣ አጭር ነው። ኤስሲፒ10 የሚለው 1,000 ሲሲ፣ ኤንሲፒ10 የሚለው 1,300 ሲሲ ነው፤ አንዱን በሌላው ስም የሚሸጡ አሉ። ቁጥሩ ውስጥ የምርት ዘመን ስለሌለ ሻጩ የፈለገውን ዓመት ሊጠራ ይችላል። ከሊብሬው ሌላ የደህንነት ቀበቶው ሥር የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ቀን አለባት።

ዋናው ማታለያ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። ጠዋት በማለዳ፣ ሳትነሳ ድረሱ። እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ቀድሞ የተነሳው ጭሱ እንዳይታይ ሊሆን ይችላልና ሌላ ቀን ተቀጣጠሩ። ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተር ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩ። የሞተር ምልክቷ መብራት አለባት፣ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለባት። ጭራሽ ካልበራች አምፖሏ ተነቅሏል ወይም ተቃጥሏል።

ሲነሳ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፣ መጠነኛ ወጪ። ነዳጅ ስትሰጡ ሰማያዊ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ይህን ለመደበቅ ወፍራም ዘይት ይጨመራል፤ ወፍራም ዘይት ሲሞቅ ስለሚቀጥን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገቱን ውጡና ወዲያው የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ፣ ፋሻው ካለቀ እንደ ትንፋሽ እየተገፋ ጭስ ይወጣል። ክዳኑ ላይ እርጎ የመሰለ ነገር ከተጋገረ ደግሞ ውሃ ከዘይት ጋር መደባለቁን ጠርጥሩ።

የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፣ ግን ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱ፤ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ተበልቷል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ክዳኑ ትንሽ ከላላ ሞተሩ ቶሎ ያፈላል። አንዳንዱ ሙቀቱን ለመደበቅ ቴርሞስታቱን ነቅሎ ይጥላል፤ 20 ደቂቃ ተነድታም የማትሞቅ መኪና እንዲያ የተደረገባት ልትሆን ትችላለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሻጩ ባልመረጠው ጋራዥ ኮምፕረሽን (በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) አስለኩ። በአየሩ መሳሳት ምክንያት የአዲስ አበባ ንባብ በአምራቹ መጽሐፍ ካለው ቁጥር ወደ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ቁጥሩ ዝቅ አለ ብላችሁ አትደንግጡ፤ መካኒኩም በዚህ አያስፈራራችሁ። የሚታየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር ከበለጠ ሞተሩ ይፈታል ማለት ነው። ጋራዥ አልወስድም ያለ ሻጭ ጋር ዋጋ መከራከር አያስፈልግም፤ ቀብዱን ሳትሰጡ ተመለሱ።