ስምንት ወር ከፕላኔት ዙ ጋር

ፕላኔት ዙ የሚባለውን፣ የእንስሳት ማቆያ ሠርተው የሚያስተዳድሩበትን የኮምፒውተር ጌም ከልጆቼ ጋር መጫወት ከጀመርን ስምንት ወር ሞላን። ጌሙን በስጦታ የላከችልን ውጭ የምትኖረው እህቴ ናት። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ካለው ቤታችን ሆነን ለማውረድ አራት ሌሊት ፈጀብን። ቀን ቀን ኔትወርኩ አይሞከርም ነበር። ትንሹ ልጄ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» ብሎ ነበር።

ስለ ላፕቶፑ አስቀድሜ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ሻጩ «ማንኛውንም ጌም ይችላል» ብሎኝ ነበር፤ አልቻለም። ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 8 ጊጋባይት ነበር፤ ጌሙ ቢያንስ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። መክፈቱን ይከፈታል። ማቆያው ሰፍቶ ጎብኚ ሲበዛ ግን ስክሪኑ ይንቀራፈፋል። ራሙን ወደ 16 ካሳደግሁት በኋላ ቀለል ብሎኛል፤ ያም ሆኖ ትልቅ ማቆያ ላይ አሁንም ይጎተታል።

ጌሙን የሠራው የእንግሊዙ ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ ነው። በኖቬምበር 2019 ለኮምፒውተር ሲወጣ ገምጋሚዎች በአብዛኛው ወደዱት። በተለይ እንስሳቱን አደነቁ፦ አካሄዳቸውን፣ ፀጉራቸውን፣ ግልገሉ እናቱን ሲከተል የሚያሳየውን ሁኔታ። ከነቀፉት ውስጥ ደግሞ ሜኑው ውስብስብ መሆኑና ለጀማሪ ማስቸገሩ ይገኙበታል።

ነቀፌታው ልክ ነው። የመጀመሪያው ወር አድካሚ ነበር። አንድ ጠባቂ የትኛውን በረት እንደሚመግብ ለመወሰን ሦስት አራት መስኮት መክፈት አለባችሁ። በዚያ ላይ የምንጫወተው በእንግሊዝኛ ነው። ማስተማሪያው የሚጀምረው ጉድዊን ሃውስ የሚባል የእንግሊዝ ማቆያ ውስጥ ነው። ትልቋ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ስለሆነች ብዙውን አንብባ ትረዳለች፤ ለትንሹ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስተረጉምለት ነበር። ልጁ ብቻውን ከፍቶ ይጫወታል ብላችሁ ከሆነ፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ አይሆንም። ፍራንቻይዝ የሚባለው፣ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር እንስሳ የሚገበያዩበት አጨዋወት ደግሞ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ስለዚህ እኛ ትተነዋል። ተልዕኮ እየተሰጠ የሚጫወቱት ካሪየርና እንደ ልብ የሚሠሩበት ሳንድቦክስ ለኛ በቂ ናቸው።

ሌላው የሚያስቸግረው ጊዜው መሮጡ ነው። አንድ እንስሳ ስም አውጥታችሁለት ሳትጠግቡት ያረጃል። ትንሹ የሚወዳት ቀጭኔ የሞተች ቀን እራት አልበላም። ከዚያ በኋላ በሳንድቦክስ እርጅናውን አጠፋንለት። ደም የሚታይበት ነገር ግን የለም፤ በዚህ በኩል ወላጅ አይስጋ።

አሁን ወደ እንስሳቱ ልምጣ፤ ስምንት ወር ሙሉ ያልሰለቸኝ ይህ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ የሚፈልገው ነገር ይታያል፦ መሬቱ ስንት እጅ ሣር፣ ስንት እጅ አፈር ወይም ድንጋይ ይሁን፣ ሙቀቱ ስንት ይሁን፣ ስንት ሆነው ይኑሩ። ሰው ሲያያቸው የሚጨነቁም አሉ፤ ለእነሱ መደበቂያ ትሠራላችሁ፣ ወይም ከውጭ ብቻ የሚያሳይ መስታወት ታስገባላችሁ። ካልተጠነቀቃችሁ ተቃዋሚዎች መፈክር ይዘው ይመጣሉ።

ከርከሮዎቻችን ቶሎ ቶሎ እየወለዱ በዙ። ወንድምና እህት አብረው ስለተዉናቸው ግልገሎቹ ደካማ ሆኑ። ጌሙ የእያንዳንዱን በሽታ የመቋቋም አቅም፣ ዕድሜ፣ የመውለድ ችሎታ በቁጥር ያሳያል፤ ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ ዓይናችን እያየ ነው። ይህን ለልጅ እንዴት እንደማስረዳ ጨንቆኝ ሳለ እናቴ ከኋላችን ቡና እየቆላች «እኛስ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ለምን መሰላችሁ?» አለች። አለቀ፤ ሁለቱም ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ትልቋ አዲስ እንስሳ ከማምጣቷ በፊት የዘር ሐረጉን ሳታይ አትገዛም።

ባለፈው ወር ትምህርት ቤታቸው ፋሲል ግቢ ወስዷቸው ነበር። እኔም አብሬ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የድሮዎቹ የአንበሳ ቤቶች አሁንም አሉ፤ አንበሶቹ ከሄዱ ቆይቷል። እዚያ ያደግን ሰዎች ሁሌም አይተናቸው እናልፋለን። ልጄ ግን ቆመች። ወለሉን በእርምጃዋ ለካችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ «አባዬ፣ ሰው ሲበዛባቸው የት ይደበቁ ነበር?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? አርባ ዓመት በዚያ ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም።

ገምጋሚዎቹ ስለ ሜኑው የጻፉትን ስትመዝኑ ይህንንም ጨምሩበት እላለሁ። የንግድ ጌም ፈልጋችሁ ከሆነ ትኬት መሸጡና ሱቅ መክፈቱ ብቻውን ብዙ አያቆያችሁም። እንስሳ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ግን፣ ከስምንት ዓመት በላይ ከሆነ ወይም እናንተ አጠገቡ መቀመጥ ከቻላችሁ፣ ግዙለት። ራማችሁ 16 ይሁን። ለብቻ የሚሸጡትን ተጨማሪ ፓኮች አትቸኩሉባቸው፤ እኛ እስካሁን አንድም አልገዛንም፣ መሠረታዊው ጌም ውስጥ ያሉትን እንስሳት ራሱ ገና አልጨረስናቸውም።

ዋልያ ግን ውስጡ የለም። ልጆቹ ገደል ያለው ትልቅ ተራራ ሠርተው ጫፉን ባዶ ትተውታል። ስሜን ብለውታል። የስሜን ተራሮች መግቢያ የሆነው ደባርቅ ከኛ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ይዣቸው ልሄድ ቃል ገብቻለሁ።