ለወላጆቻችሁ የቱ ይሻላል? ኦሪጅናል ሜዲኬር ወይስ አድቫንቴጅ?

እዚህ አሜሪካ ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። «እማዬን የቱ ላይ ላስመዝግባት?» ይሉኛል ጓደኞቼ። ሜዲኬር በዋናነት 65 ለሞላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ነው፤ ኦሪጅናሉን መንግሥት ራሱ፣ አድቫንቴጁን የግል ኩባንያ ያካሂደዋል። የእኔ ምርጫ ኦሪጅናሉ ነው።

እናቴን መጀመሪያ ያስገባናት አድቫንቴጅ ነበር። ኤጀንቱ «ክፍያው ዜሮ ነው፣ ጥርስና መነጽርም አለው» አለን። ዜሮው የፕላኑ ክፍያ ብቻ ነው። የፓርት ቢ (የሐኪምና የክሊኒክ ሽፋን) የወር ክፍያ 185 ዶላር (የ2025 ዋጋ) ከሶሻል ሴኩሪቲዋ መቆረጡን አላቆመም። ለዓመታት የሚያውቃት ሐኪሟ ኔትወርኩ ውስጥ፣ ማለትም ፕላኑ ከተዋዋላቸው ሐኪሞች መካከል የለም። ጉልበቷን ሲያማት ለፊዚካል ቴራፒ የፕላኑን ፈቃድ ስንጠብቅ ሳምንታት አለፉ። በየሕክምናው ከኪስ የሚከፈል ኮፔይም አለ። በ2025 አድቫንቴጅ ኔትወርክ ውስጥ ለታከሙት ብቻ በዓመት እስከ 9,350 ዶላር ከኪስ ሊያስወጣ ይችል ነበር። ይህን ማንም አልነገረን።

ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 መውጣት ይቻላልና ወደ ኦሪጅናሉ መለስናት። ለመድኃኒት ፓርት ዲ ጨመርን። ከዚያ ኪው ኤም ቢ የሚባለውን አገኘን። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ስቴቱ የፓርት ቢን ክፍያ ይከፍልላቸዋል። በ2025 ለነጠላ ሰው ገቢ በወር ከ1,325 ዶላር፣ ቁጠባ ከ9,660 ዶላር እንዳይበልጥ ነበር። መኖሪያ ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። አንዳንድ ስቴት ከዚህም ያሰፋዋል። 185ቱ ሲቀር በዓመት 2,220 ዶላር እጇ ላይ ቀረ። ኦሪጅናሉ በታካሚው ላይ የሚጥለውን 20 በመቶም ይሸፍናል። ኤክስትራ ሄልፕ የሚባል የመድኃኒት ወጪ ድጋፍም አብሮ ይመጣል፤ በ2025 ፕላኑ የሚሸፍነው ብራንድ መድኃኒት እንኳ ከ12.15 ዶላር አያልፍም ነበር። ኪው ኤም ቢ አድቫንቴጅ ላለውም ይሠራል፤ የኔትወርኩና የፈቃዱ ጣጣ ግን አይቀርም።

አንድ ክሊኒክ ከዚያም በኋላ ቢል ላከባት። እማዬ ዕዳ አትወድም፤ ሳትነግረን ከፈለች። ኪው ኤም ቢ ያለውን ሰው ሜዲኬር ለሚሸፍነው ሕክምና ማስከፈል ክልክል ነው። ደውለን አስመለስን።

ገቢያቸው ከፍ ለሚል ሜዲጋፕ አለ፤ ኦሪጅናሉ የማይከፍለውን ድርሻ የሚሸፍን የግል ኢንሹራንስ ነው። ብዙ ቦታ በወር ከ100 ዶላር ያልፋል፣ ከባድ ነው። ግን 65 ሞልቷቸው ፓርት ቢ ከጀመሩ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ስለ በሽታ ሳይጠየቁ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ስቴት ውስጥ ስኳር ወይም ልብ ካለባቸው ኩባንያው እምቢ ማለት ይችላል። ስለዚህ «አሁን አድቫንቴጅ ይግቡ፣ ሲታመሙ እንቀይራለን» አትበሉ። ኪው ኤም ቢም ሜዲጋፕም ካልተቻለ ግን አድቫንቴጅ ይሻላል። ኦሪጅናሉ ብቻውን ለወጪ ጣሪያ የለውም።

«ከሜዲኬር ነው፣ አዲስ ካርድ እንላክልዎት» ብሎ ለሚደውል የካርድ ቁጥር እንዳይሰጡ ንገሯቸው። ሌቦች ናቸው።

ኪው ኤም ቢ በየዓመቱ ይታደሳል። ስቴቱ ፎርም በፖስታ ሲልክ ካልተመለሰለት ያቋርጠዋል። የእማዬ ጎረቤት የሆኑ አባት ማስታወቂያ መስሏቸው ጣሉት። 185ቱ እንደገና ይቆረጥባቸው ጀመር። ፎርሙን ለመሙላት በየስቴቱ ሺፕ የሚባል የነጻ ምክር አለ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። የእማዬን ፖስታ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔው ራሴ እከፍታለሁ።